የትንፋሽ ዘበኛ፤ በመተንፈስ ስለሚወሰዱ ማደንዘዣዎችና ስለ ሰው አተነፋፈስ የታሪክ ማስታወሻ

ነፍስ፣ ትንፋሽና እስትንፋስ በቋንቋችን ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። አባቶቻችን ሕይወትን ከአየር መግባትና መውጣት ለይተው ያላዩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለዓይን የሚታይና ለጆሮ የሚሰማ የሕይወት ምልክት ከትንፋሽ ሌላ ብዙ አልነበራቸውም። የማደንዘዣ ሐኪምም ቢሆን ከመቶ ዓመት በላይ ከዚህ የተሻለ ምልክት አልነበረውም ማለት ይቻላል። ሆኖም በእርሱ ሥራ ውስጥ አንድ እንግዳ ነገር አለ። ኤተር፣ ክሎሮፎርም፣ ሃሎቴንና እነርሱን የተኩት መድኃኒቶች ወደ ደም የሚገቡት በትንፋሽ መንገድ ነው፤ ከገቡም በኋላ ያንኑ የገቡበትን መንገድ ያጠብባሉ። ሕመምተኛው በራሱ የሚተነፍስ ከሆነ ይህ ነገር እንደ ልጓም ያገለግላል። እንቅልፉ ሲከብድ ትንፋሹ ያንሳል፤ ትንፋሹ ሲያንስ ደግሞ የሚገባው መድኃኒት ይቀንሳል። ነገር ግን ልጓሙ ሁልጊዜ አይይዝም፤ ባልያዘበት ጊዜ በቀዶ ጥገና ጠረጴዛ ላይ የቀሩት ሰዎች ጥቂት አልነበሩም።

በዚህ ጽሑፍ የምንከታተለው አንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም በማደንዘዣ የተኛ ሰው ሲተነፍስ እያየን ያንን ትንፋሽ ምን ያህል ልናምነው እንችላለን የሚለው ነው። መልሱ እንደየዘመኑ የተለያየ ነበር። ለማስታወስ ያህል፣ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዊንላተኗ ልጃገረድ

ዊሊያም ሞርተን የተባሉት የጥርስ ሐኪም በቦስተን ከተማ በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ኤተርን በሕዝብ ፊት ያሳዩት ጥቅምት 16 ቀን 1846 ነበር። ዓመቱ ጥቂት አልፎ፣ በኅዳር 1847፣ የኤዲንብራው የማህፀን ሐኪም ጄምስ ሲምሰን ክሎሮፎርምን አስተዋወቁ። ክሎሮፎርም ከኤተር ይልቅ ተወዳጅ የሚያደርገው ብዙ ጠባይ ነበረው። ሽታው ጣፋጭ ነው፤ ጉሮሮን አያስልም፤ እሳት አይይዝም፤ ቶሎ ያስተኛል፤ ልዩ መሣሪያም ሳያሻው በመሐረብ ላይ ጥቂት ጠብታ ማፍሰስ ይበቃል። ሲምሰን ራሳቸው መለኪያ መሣሪያ አስፈላጊ ነው ብለው አያምኑም ነበር።

ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ጥር 28 ቀን 1848፣ በእንግሊዝ አገር በኒውካስል አቅራቢያ በምትገኘው በዊንላተን መንደር ሐና ግሪነር የተባለች የ15 ዓመት ልጃገረድ የታመመ የእግር ጥፍሯን ለማስነሣት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከጥቂት ወራት በፊት ለተመሳሳይ ሕክምና ኤተር ወስዳ ምንም ጉዳት አልደረሰባትም ነበር። በዚያን ቀን ግን የተሰጣት ክሎሮፎርም ነበር፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል በጨርቅ ላይ ተደርጎላት። ቢላዋው ሲያርፍ ሰውነቷ ደንገጥ አለ፤ ወዲያውም ፊቷና ከንፈሯ ገረጣ። ፊቷ ላይ ውኃ ረጩባት፤ ብራንዲም በአፏ አደረጉላት። ሁሉም ነገር ያለቀው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ለጥፍር ሕክምና የመጣች ጤነኛ ልጅ ነበረች።

ሲምሰን ክሎሮፎርሙን ነጻ አወጡት። ልጅቱን የገደላት፣ መዋጥ በማትችልበት ጊዜ በአፏ የተደረገው ብራንዲና ውኃ አፍኗት ነው አሉ። በሌላው ወገን ደግሞ ጆን ስኖው የተባሉት የለንደን ሐኪም ተነሡ። አንባቢ ስኖውን የሚያውቃቸው በ1854 በለንደን ስለ ኮሌራና ስለ ውኃ ቧንቧ ባደረጉት ምርመራ ይሆናል፤ የዕለት እንጀራቸው ግን ማደንዘዣ ነበር። በዮርክ ከተማ የቀን ሠራተኛ ልጅ ሆነው ያደጉት እኒህ ሰው፣ አየር በየሙቀቱ ደረጃ ምን ያህል የኤተር ወይም የክሎሮፎርም ተን ሊሸከም እንደሚችል በሚዛን ለክተው በሠንጠረዥ አስፍረውታል። ስለዚህ ስለ ሐና ግሪነር ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ከመጠን የተነሣ ነበር፤ በጨርቅ ላይ የፈሰሰ ክሎሮፎርም ከአየር ጋር በሚገባ ሳይደባለቅ፣ ወፍሮና በርትቶ ስለገባ ነው አሉ።

ስኖው በ1847 ስለ ኤተር ባሳተሙት መጽሐፍ የመደንዘዝን ደረጃ በአምስት ከፍለውት ነበር። በአራተኛው ደረጃ ሕመምተኛው ከመተንፈስ በቀር ሌላ እንቅስቃሴ የለውም። በአምስተኛው ደረጃ ትንፋሹ ራሱ ይደክማል፣ ይዛባል፣ በመጨረሻም ይቆማል። ይህን የመጨረሻ ደረጃ ስኖው ያዩት በእንስሳት ላይ ብቻ እንጂ በሰው ላይ እንዳልነበረ ጽፈዋል። በእንስሳት ላይ ካደረጉት ሙከራ ያገኙት ሌላው ውጤት ከሁሉ ይበልጥ ዋጋ ያለው ይመስለኛል። የክሎሮፎርሙ ተን በመቶ 4 ወይም 5 እጅ ሆኖ በአየር ውስጥ ሲደባለቅ፣ እንስሳው ቢሞት አስቀድሞ የሚቆመው ትንፋሹ ነው፤ ልቡ ለጥቂት ጊዜ መምታቱን ይቀጥላል፤ በዚያም መካከል ሰው ሠራሽ ትንፋሽ ቢሰጠው ይድናል። ተኑ በመቶ 8 ወይም 10 እጅ ሲደርስ ግን ልብም አብሮ ይመታል፤ ለማዳንም ጊዜ አይገኝም። በ1858 ከሞታቸው በኋላ የታተመው መጽሐፋቸው በክሎሮፎርም የሞቱ 50 ሰዎችን ታሪክ አንድ በአንድ መርምሮ ወደዚሁ መደምደሚያ ይደርሳል፤ አደጋው ያለው በመድኃኒቱ ማንነት ብቻ ሳይሆን በመጠኑ ነው።

የሚያሳዝነው፣ ስኖው 45 ዓመት ሳይበልጣቸው በመሞታቸው የመጠኑ ጥያቄ ወደ ጎን ተትቶ ቀላሉ ጥያቄ መድረኩን ያዘ፤ መጠበቅ የሚገባው ልብ ነው ወይስ ትንፋሽ?

የሃይደራባድ ውሾች

በኤዲንብራ የጄምስ ሳይም ተማሪዎች አንድ ትምህርት ይዘው ይወጡ ነበር። ክሎሮፎርም የሚሰጥ ሰው የሕመምተኛውን እጅ ይዞ የደም ሥር ትርታ መቁጠር የለበትም፤ ዓይኑና ጆሮው ትንፋሽ ላይ ይሁን፤ ትንፋሹ ከተደናቀፈ ምላሱን ወደ ፊት ይሳብለት። ሳይም በዚህ መንገድ ከፍ ያለ ቁጥር ያላቸውን ሕመምተኞች ያለ ሞት እንዳሳለፉ ይናገሩ ነበር። በለንደን ግን ጆሴፍ ክሎቨርና መሰሎቻቸው ጣታቸውን ከትርታው ላይ አያነሡም። ክሎቨር በ1862 በሠሩት መሣሪያ በመቶ 4.5 እጅ ክሎሮፎርም የተቀላቀለበትን አየር በትልቅ ከረጢት ሞልተው በጀርባቸው ተሸክመው የሚሰጡበት ፎቶግራፍ እስካሁን አለ፤ በፎቶግራፉም ላይ ግራ ቀኝ ሳይሉ ትርታውን ይዘው ይታያሉ።

ክርክሩ ወደ ሕንድ የተሻገረው ኤድዋርድ ሎሪ በተባሉ የሳይም ተማሪ ነው። ሎሪ በሃይደራባድ የሕክምና ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆነው ሲሠሩ ስለ ትንፋሽ የተማሩትን እንደ ሃይማኖት ጠብቀው ያዙት። የሃይደራባድ ገዢ የነበሩት ኒዛም ለምርምር ገንዘብ ስለሰጡ፣ በ1888 የመጀመሪያው ኮሚሽን ተቋቁሞ 141 ውሾች በክሎሮፎርም ተገደሉ። ኮሚሽኑ የደረሰበት ውጤት በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነበር፤ ትንፋሽ ቀድሞ ይቆማል፣ ልብ በኋላ ይከተላል። የለንደኑ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ይህን አላምንም አለ። ኒዛም በዚህ ጊዜ ያደረጉት ነገር በሳይንስ ታሪክ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ነው። ላንሴት የሚያምነውን ሰው ራሱ መርጦ ይላክ በማለት 1,000 ፓውንድ ሰጡ። መጽሔቱም ለደረት ውጋት አሚል ናይትራይትን በማስተዋወቅ ስማቸው የታወቀውን ቶማስ ላውደር ብራንተንን በ1889 ላከ።

ብራንተን ወደ ሃይደራባድ ሲሄዱ ክሎሮፎርም ልብን በቀጥታ ያቆማል ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ። በሁለተኛው ኮሚሽን ውሾችን፣ ዝንጀሮዎችንና ሌሎችንም ጨምሮ ከ400 በላይ እንስሳት ተመረመሩ። የደም ግፊታቸውም እየተለካ በሚሽከረከር ወረቀት ላይ ተመዘገበ። ብራንተን ሐሳባቸውን ለውጠው፣ አደጋው ትንፋሽ መቆሙ እንጂ ሌላ እንዳልሆነ የሚገልጽ ቴሌግራም ወደ ለንደን ላኩ። ሎሪም ድል እንዳደረጉ ቆጠሩት።

አንድ ምሁር በማስረጃ ፊት ሐሳቡን ሲለውጥ ማየት ያስደስታል፤ በዚህ ጊዜ ግን ብራንተን የተለወጡት ወደ ግማሽ እውነት ነበር። በሃይደራባድ የሞቱት እንስሳት በአመዛኙ መጠኑ እየጨመረ ቀስ በቀስ የሞቱ ናቸው። በእንዲህ ያለው አሟሟት፣ ከ30 ዓመት በፊት ስኖው እንዳሳዩት፣ ትንፋሽ መቅደሙ የማይቀር ነው። በዊንላተን ወንበር ላይ የተቀመጠችው ልጅ ግን እንደዚያ አልሞተችም፤ ገና በሚገባ ሳትተኛ ቢላዋው ሲነካት በድንገት ነው የሞተችው። ኮሚሽኑ ብዛት ያላቸውን እንስሳት መረመረ፤ የእርሷን ዓይነት ሞት ግን አላገኘውም።

ይህን ሞት ያገኙት ጉድማን ሌቪ የተባሉ የለንደን ሐኪም ናቸው። ሌቪ በ1911 ባወጡት ሥራ ድመቶች በጥቂት ክሎሮፎርም ብቻ በስሱ ሲደነዝዙና አድሬናሊን ወደ ደማቸው ሲገባ፣ የልባቸው የታችኛው ክፍል ሥርዓት ባጣ መንቀጥቀጥ ተይዞ በአንድ ጊዜ እንደሚቆም አሳዩ። ድንጋጤና ሕመም በሰው ደም ውስጥ የሚያፈሱት ይህንኑ አድሬናሊን ነው። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች ያዩትን ነበር የሚናገሩት። ብዙ ክሎሮፎርም ትንፋሽን ያቆማል፤ ጥቂቱ ደግሞ የፈራ ሰው ልብ ላይ ድንገት ይወርዳል። ሎሪ ትርታውን አትዩ ብለው ሲያስተምሩ በኖሩባቸው ዓመታት ይህ ሁለተኛው አሟሟት ስም እንኳ አልነበረውም።

ትንፋሽ እንደ መጽሐፍ ሲነበብ

ከዚህ በኋላ ኤተር ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ከእርሱም ጋር ትንፋሽን የማንበብ ጥበብ ተራቀቀ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር በፈረንሳይ ሲዘምት ማደንዘዣ የሚያውቅ ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። አርተር ጊደል የተባሉት የኢንዲያናፖሊስ ሐኪም በሞተር ብስክሌት ከሆስፒታል ሆስፒታል እየተዘዋወሩ ነርሶችንና ተራ ወታደሮችን በአጭር ጊዜ ማሠልጠን ነበረባቸው። ለእነዚህ ሰዎች በግድግዳ ላይ የሚሰቀል አንድ ሠንጠረዥ አዘጋጁላቸው፤ ከጦርነቱም በኋላ በ1920 ታተመ። በሠንጠረዡ መሠረት በመጀመሪያው ደረጃ ሕመም ይደበዝዛል። በሁለተኛው ሕመምተኛው ይራገጣል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ መልሶ በኃይል ይስባል። ሦስተኛው የቀዶ ጥገናው ደረጃ ሲሆን ትንፋሹ እንደ ከባድ እንቅልፍ በእኩል ልክ ይመላለሳል። ይህ ሦስተኛው ደረጃ በአራት እርከን ይከፈላል፤ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎች ይደክማሉ። በመጨረሻው እርከን ድያፍራም ብቻውን ይቀራል፤ ሆድ ሲነፋ ደረት ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከዚያ በኋላ ያለው አራተኛው ደረጃ የትንፋሽ መቆም ነው።

የዓይን ብሌን ስፋትና የዓይን ኳስ እንቅስቃሴም በሠንጠረዡ ነበሩ፤ ዋናው ንባብ ግን ትንፋሽ ነበር። በሥራ ላይ ያሉ አንጋፋ ባለሙያዎች ይህን ሠንጠረዥ በቃላቸው ይዘውት እንደኖሩ ማንም ያውቃል። ጊደል በ1933 የምላስ መውደቅን ለመከላከል የሠሩት የአፍ ቧንቧም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ነገር ግን ሠንጠረዡ የተጻፈው ስለ ኤተር ነው፤ ኤተርም ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። የመተንፈሻ አካላትን ስለሚቆጠቁጥና ሰውነትን ስለሚያነቃቃ፣ በቀላልና በመካከለኛ እንቅልፍ ጊዜ የሚተነፈሰውን የአየር መጠን እንደ ሌሎቹ አያሳንስም። የሕመምተኛው ትንፋሽ እውነት ይናገር ስለ ነበር ሐኪሙ ማመኑ አልጎዳውም። በኦክስፎርድ ኤፕስታይንና ማኪንቶሽ በ1956 ያወጡት ኢ.ኤም.ኦ. የተባለው የኤተር መሣሪያ የኦክሲጅን ጠርሙስና የመብራት ኃይል በማይገኝባቸው ብዙ የአፍሪካ ሆስፒታሎች ሊያገለግል የቻለው በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። ሕመምተኛው የክፍሉን አየር በራሱ ትንፋሽ በመሣሪያው ውስጥ እያሳለፈ ይስባል፤ ኤተርም ይህን ኃይል ቶሎ አይነሣውም። ኤተር ቀስ ብሎ ያስተኛል፣ ያስታውካል፣ እሳትም ይይዛል፤ ቢሆንም ለባለሙያው ስሕተት ትዕግሥት የነበረው መድኃኒት እርሱ ነበር።

የተሸፈነው ድካም

በ1942 ሃሮልድ ግሪፊዝ በሞንትሪያል ኩራሬን በቀዶ ጥገና ላይ ከተጠቀሙ በኋላ ጡንቻን የሚያዝል መድኃኒት ተለመደ፤ ትንፋሽም በብዙ ቀዶ ጥገናዎች ከሕመምተኛው ወደ ሐኪሙ እጅ ተላለፈ። በ1952 በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ጊዜ ብዮርን ኢብሰን የተባሉት የማደንዘዣ ሐኪም የተከማቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገዳይ መሆኑን ተረድተው፣ በጉሮሮ በተከፈተ ቀዳዳ አየር በእጅ እንዲገፋ አደረጉ፤ ለዚሁም 1,500 ያህል ተማሪዎች በፈረቃ ከረጢት ሲጨምቁ ከረሙ። ይህ ሌላ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚያሻው ከእርሱ የተገኘው ትርፍ ነው፤ በደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በፍጥነት የመለካት ፍላጎት። በ1958 ጆን ሴቨሪንግሃውስና ባልደረባቸው ብራድሊ ኦክሲጅንንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከጥቂት ደም የሚለካ መሣሪያ ሠሩ። ከዚህ በኋላ ትንፋሽ መልካም መስሎ መታየቱ ብቻ ማስረጃ መሆኑ ቀረ።

ጊዜውም የሃሎቴን ጊዜ ነበር። ቻርልስ ሳክሊንግ በእንግሊዝ በ1951 የቀመሙት፣ ማይክል ጆንስተንም በማንቸስተር በ1956 በሕመምተኞች ላይ መጠቀም የጀመሩት ይህ መድኃኒት አይቃጠልም፣ ጉሮሮን አይቆጠቁጥም፣ ቶሎ ያስተኛል፤ በአጭሩ የክሎሮፎርም መልካም ጠባይ ሁሉ ነበረው። በሃሎቴን የተኛ ሰው ትንፋሽ ለዓይን ያማረ ነው፤ እኩል ልክ አለው፣ ፈጠንም ይላል። ሲለካ ግን እያንዳንዱ ትንፋሽ ጥልቀት የለውም፤ ፍጥነቱም የጎደለውን አይሞላም። ነቅቶ የሚተነፍስ ጤናማ ሰው በደም ቅዳው ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው። ለቀዶ ጥገና በሚበቃ የሃሎቴን መጠን በራሱ የሚተነፍስ ሰው ከ45 እስከ 50 ይደርሳል፤ በኋላ የመጣው ኤንፍሉሬን ደግሞ እስከ 60 ያደርሰዋል። የቢላዋው ሕመም ቁጥሩን በመጠኑ ይቀንሰዋል፤ ቢላዋው ሲቆም መልሶ ይወጣል።

መድኃኒቶቹን እርስ በርስ ማወዳደር የተቻለው ኤድመንድ ኤገርና ጓደኞቻቸው በ1960ዎቹ ዓመታት የጋራ መስፈሪያ ስላበጁ ነው። ማክ በሚል አኅጽሮት የሚጠራው ይህ መስፈሪያ፣ ቆዳ ሲቀደድ ከሰዎች መካከል ግማሾቹ የማይነቃነቁበት፣ በሳንባ የአየር ከረጢቶች ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ነው። ለሃሎቴን በመቶ 0.75 እጅ ያህል ይሆናል። የስኖው ሠንጠረዥ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ተከታይ አገኘ ብንል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው ዘመን ሬይመንድ ፊንክ በ1961 አንድ ቀላል የሚመስል ነገር አስተዋሉ። የነቃ ሰው በብዛት ተንፍሶ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ቢያራግፍም መተንፈሱን ይቀጥላል። የደነዘዘ ሰው ግን እንዲሁ ከተደረገበት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ተመልሶ እስኪጠራቀም ድረስ ትንፋሹ ቀጥ ይላል። ከዚህ የምንረዳው ንቃት ራሱ አንዱ የትንፋሽ ገፊ መሆኑን ነው፤ ማደንዘዣ ደግሞ በቅድሚያ የሚወስደው ንቃትን ነው።

ሳንባውም ቢሆን አይተርፍም። በማደንዘዣ የተኛ ሰው በጀርባው ሲጋደም ድያፍራሙ ወደ ደረቱ ይገፋል፤ ተንፍሶ ሲያበቃ በሳንባው ውስጥ የሚቀረው አየር ይቀንሳል። በስዊድን ሄደንስቲየርናና ባልደረቦቻቸው በ1985 በኮምፒዩተር የራጅ ምርመራ እንዳሳዩት፣ በወደ ጀርባው በኩል ያለው የሳንባ ክፍል ማደንዘዣው እንደ ተጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ ይሟሽሻል። ደም በዚያ በኩል ኦክሲጅን ሳያገኝ ያልፋል። ለዚህ ነው ለሕመምተኛው ከክፍሉ አየር የበለጠ ኦክሲጅን የሚሰጠው።

ዘበኛው መቼ ይተኛል?

ኦክሲጅን ሲያንስ ሰውነት የሚያሰማው ማስጠንቀቂያ ከየት እንደሚነሣ የገለጡት የጌንት ዩኒቨርሲቲው ኮርኔይ ሄይማንስ ናቸው፤ በዚህም የ1938ን የኖቤል ሽልማት አገኙ። ካሮቲድ የተባለው የአንገት ደም ቅዳ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ፣ በግራም በቀኝም፣ ከሩዝ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ቅንጣት አለች። የደሙ ኦክሲጅን ሲወርድ ይህች ቅንጣት ወደ አንጎል ግንድ መልእክት ትልካለች፤ ትንፋሽም ይፈጥናል፣ ይጠልቃል። በጃፓን አስምን ለማዳን ሲባል ሁለቱም ቅንጣቶች የተወገዱላቸው ሰዎች ኦክሲጅን ሲያንሳቸው ትንፋሻቸውን ማፋጠን ተስኗቸዋል። ይህችን ቅንጣት የትንፋሽ ዘበኛ ብንላት ያስኬዳል።

ለረጅም ጊዜ ሊቃውንት ይህ ዘበኛ ከሁሉ በኋላ የሚተኛ ይመስላቸው ነበር። አንጎል ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለው ንቁነት በማደንዘዣ ቢደበዝዝም፣ ኦክሲጅን በጣም ሲያንስ የአንገቷ ቅንጣት ሰውየውን ትታደገዋለች የሚል እምነት ነበር። በ1974 ዋይስኮፕፍ፣ ሬይመንድና ሴቨሪንግሃውስ በውሾች ላይ ይህ እንዳልሆነ አመለከቱ። በ1978 ደግሞ በካናዳ፣ የእንግሊዙን ዋና ከተማ ስም በያዘችው በለንደን ከተማ፣ ሪቻርድ ክኒልና ኤድሪያን ጌልብ በሰዎች ላይ ያደረጉትን ምርመራ አሳተሙ። ያገኙት ውጤት ከተጠበቀው ጋር ፍጹም የሚቃረን ነበር። ሃሎቴን ለቀዶ ጥገና በሚበቃው መጠን ሲሰጥ ለኦክሲጅን እጥረት የሚሰጠው አጸፋ ጨርሶ ይጠፋል። ከማክ አንድ አሥረኛ ብቻ፣ ማለትም በመቶ ከ0.1 እጅ በታች በሆነ መጠን፣ አጸፋው ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። በዚህ መጠን ግን ሰውየው ነቅቷል፤ ይናገራል፤ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሰጠው አጸፋም ምንም አልተነካም። ዘበኛው የተኛው ከጌታው በፊት ነበር።

የዚህ ግኝት ክብደት በቀዶ ጥገናው ክፍል ብቻ የሚቀር አይደለም። የአንድ አሥረኛ ማክ መጠን ማለት ሕመምተኛው ነቅቶ፣ ስሙን ተናግሮ፣ ወደ መንቂያ ክፍል ከተወሰደ በኋላ በሰውነቱ ውስጥ የሚቀረው መጠን ነው። ሐኪሙ ነቅቷል ብሎ በሚሄድበት ሰዓት፣ የምላስ መውደቅ ወይም የሳንባ መሟሸሽ ኦክሲጅኑን ቢያሳንሰው ሰውነቱ የሚያሰማው ጩኸት አይኖርም። ሕመምተኛው አይጨነቅም፣ አያቃስትም፣ ትንፋሹንም አያፋጥንም፤ በጸጥታ ብቻ ይጠቁራል።

ነገሩ በዚህ አልተቋጨም። በ1992 በሎስ አንጀለስ ቴምፕ፣ ሄንሰንና ዋርድ ተመሳሳይ ምርመራ በአይሶፍሉሬን አድርገው በአንድ አሥረኛ ማክ ምንም የአጸፋ መቀነስ አላገኙም። በሆላንድ አገር በላይደን የነበሩት ተመራማሪዎች በ1994 የልዩነቱን ምክንያት የፈለጉት ከመድኃኒቱ ውጭ ነው። ፈቃደኛ ሰዎችን ጸጥ ባለ ሁኔታ አጋድመው ሲመረምሩ አጸፋው ደክሞ ተገኘ። እነዚያኑ ሰዎች የሚታይና የሚሰማ ነገር አቅርበው ሲያነቃቁ ግን ድካሙ አልታየም። ፊንክ በ1961 ያሉት እዚህ ላይ ተመልሶ መጣ፤ ንቃት የትንፋሽ ገፊ ከሆነ፣ ያልተኛ ዓይንና ጆሮ የደከመውን ዘበኛ ሥራ በከፊል ሊሸፍኑለት ይችላሉ። በ2002 ጃይዲፕ ፓንዲት የተባሉ የኦክስፎርድ ሐኪም እስከዚያ ድረስ የታተሙትን ምርመራዎች ሰብስበው ሲያመዛዝኑ ውጤቱን በአብዛኛው የሚወስኑት የመድኃኒቱ ዓይነትና የሰውየው መነቃቃት ሆነው አገኟቸው። ከመድኃኒቶቹም ሁሉ ዘበኛውን አጥብቆ የሚያስተኛው ሃሎቴን ነው።

ሃሎቴን በአብዛኞቹ የበለጸጉ አገሮች በአይሶፍሉሬንና በሴቮፍሉሬን ከተተካ በኋላም በኢትዮጵያና መሰል አገሮች ሆስፒታሎች ለብዙ ዓመታት ዋና ማደንዘዣ ሆኖ ቆይቷል። የመንቂያ ክፍሉም በእነዚሁ አገሮች ብዙ ጊዜ የሰውም የመሣሪያም እጥረት ያለበት ነው። ታኩዎ አዮያጊ የተባሉት ጃፓናዊ መሐንዲስ በ1974 መሠረቱን የጣሉለት፣ በጣት ላይ የሚሰካው የኦክሲጅን መለኪያ የዘበኛውን ሥራ በከፊል ተረክቧል። ከ2011 ጀምሮ ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት መለኪያውን ችግር ላለባቸው ሆስፒታሎች ሲያዳርስ ቆይቷል፤ በአዲስ አበባም ቢሮ አለው።

መለኪያው የማያየው አንድ ነገር ግን አለ። ሕመምተኛው በጭንብል ኦክሲጅን እየተሰጠው ከሆነ፣ ትንፋሹ በጣም ደክሞ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እየተከማቸ ሳለ የኦክሲጅኑ ቁጥር ለብዙ ጊዜ መልካም ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ መለኪያው ባለበት ክፍል እንኳ ነርሷ እጇን በሕመምተኛው ደረት ላይ አሳርፋ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ ትቆጥራለች፤ ስሙንም እየጠራች ታነጋግረዋለች። ቁጥሩ ብቻ ሲሆን ሃሎቴን ሊያታልላት ስለሚችል፣ ደረቱ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ደግሞ ታያለች።